የሞክሼ ክንድ

በእኛ ሰፈር፣ በጅማው ሄርማታ፣ ሦስት ቲጃኒዎች ነበሩ። ስሙማ ሞልቷል፤ መስጊዱ በር ላይ ቆሞ "ቲጃኒ" ብሎ የተጣራ ሰው ግማሹ ሰፈር ዞሮ ያየዋል። ስማቸው ሲነሳ "የማን ልጅ?" የማያሰኙት ግን ሦስቱ ብቻ ነበሩ። አንደኛው ሼህ ቲጃኒ ናቸው፤ መንዙማ ሲያወጡ ከአጋሮ ድረስ ሰው እየመጣ የሚያዳምጣቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ። ሁለተኛው አባቴ ነው፤ ቲጃኒ ወጌሻው። ሦስተኛው ቲጃኒ በረኛው፣ የከተማችን ቡድን ግብ ጠባቂ።

ስሙ ከአንዱ ወደ አንዱ የወረደ ነው። አባቴ ሲወለድ በሼሁ ስም ተጠራ፤ ሼሁም እንደ ደንቡ የመጀመሪያ እጀ ጠባቡን ገዝተው አለበሱት። አባቴ ገና ጢም ሳያበቅል ደግሞ ጎረቤታችን አዴ ባህሪያ እርጉዝ ሳለች ወድቃ ዳሌዋ ወለቀ፤ እሱ መለሰላት። በሰላም ስትገላገል ለልጁ ሌላ ስም አልፈለገችም። አባቴም በተራው ሄዶ ሕፃኑን አለበሰ። በእኛ ዘንድ ስሙን ያካፈለ ሰው ሥጋውን እንዳካፈለ ይቆጠራል።

ሦስቱ እርስ በርሳቸው በስም አይጠራሩም፤ ሽማግሌውም ወጣቱም ሞክሼ ነው የሚባባሉት። በኢድ ማግስት ሼሁ ቤት ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ሌላ ሰው አይቀርብም። እኔ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ አባቴ ጉልበት ላይ ልቀመጥ ስል ሼሁ በዳበሳ አገኙኝና "ለጢፋ፣ ስምሽን ቀይረሽ ነይ" ብለው መለሱኝ። ቂም ይዤ ወጣሁ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቂም ለመያዝ አላንስም።

ቀድሞ "ቲጃኒ" ያለ ቅጽል ሲጠራ አባቴ ማለት ነበር። በረኛው ከአዲስ አበባ በመጣ ቡድን ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነ ቀን ግን ነገር ተገለበጠ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ለብቻው የእሱ ሆነ፤ አባቴ "ወጌሻው" የሚል ጭራ ተቀጠለበት። ትምህርት ቤት "አባቴ ቲጃኒ ነው" ስል "ያኛው ነዋ" ይሉኝ ጀመር። ከዚህ ሁሉ የባሰው ጅማ አጠገብ ካለችው ከየቡ የመጣው ሰውዬ ነገር ነው። ልጁ ቡና ሲለቅም ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ በበቅሎ ጭኖት መጥቶ "የቲጃኒን ቤት" ቢል በረኛው ደጅ አደረሱት። በረኛው በቁምጣ ወጣ፤ የተሰበረውን ልጅ አቅፎ እየሳቀ ወደ እኛ ቤት አመጣው። አባቴ ታሪኩን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የአባቴ ሳቅ የጥርስ ነው እንጂ የአንጀት አይደለም፣ ውስጡ እያረረ ነው ብዬ ፈረድኩ። ውስጧ ያረረው እኔ መሆኔን ማን ይንገረኝ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ የብሔራዊ ውትድርና ሁለተኛ ዙር መጣ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት እየዞረ ይለፍፋል፤ እናቴ ሐጂራ ድምፁን ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ታስቀምጣለች። ትልልቅ ልጆች ከመንገዱ ጠፉ። አንዱ የቡ አጎቱ ጋር ሄደ ይባላል፣ አንዱ ታሟል ይባላል፣ ሌላው ምንም አይባልም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ከፈለ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች ታጅቦ በየደጁ ይቆማል። የፀጉር ቅባቱ ሽታ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ትልልቆቹ ምን እንደሚፈሩ አልነገሩኝም። እኔም ስለዚህ ሁሉንም ነገር እፈራ ነበር፤ የበር መቀርቀሪያውን፣ የውሻውን ዝምታ፣ የእናቴን ዓይን።

አዴ ባህሪያ ወደ እኛ ቤት መመላለስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጇ አብዱልሰመድ ኦጋዴን ቀርቷል። ሁለተኛው ጀማለዲን ወደ ሰሜን ሄዶ በዚያው ቀረ። ለአንዳቸውም አፈር ያለበሰችበት ቦታ የላትም። የቀራት በረኛው ነው። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ልጅ ስለሆንኩ ከእኛ ቤት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ነው። እጁ ለዚህ እንዳልተሰጠው፣ አባቱም አያቱም ይህን እንዳልሠሩ ይናገራል። የሰው አጥንት ላይ ለክፉ የተነሳ የወጌሻ እጅ በረካው ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቢነካም አይጠግንም። ቤታቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እምነት ነው። አዴ ባህሪያ ሰማችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ "ስምህ ያለው ማን ላይ ነው?"

እኔ መደምደሚያዬን ደርሼ ነበር። የተጣሉት በስሙ ነው። ከአባቴና ከበረኛው አንዱ ስሙን ሊለቅ ነው፤ አባቴም አልለቅም እያለ ነው። አበጀህ አልኩ በሆዴ።

በሌላ ቀን ጠዋት ደግሞ በር ስከፍት አዴ ባህሪያ እርጥብ ሣር በሁለት እጇ ይዛ ደፋችን ላይ ተቀምጣለች። ለፍየላችን ያመጣችልን መስሎኝ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም፤ ቀና ብላም አላየችኝም። እናቴ ከኋላዬ መጥታ ሣሩን ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዛሬ ለማንም የአገሬ ሰው ማስረዳት አያሻኝም፤ ሣር ይዞ ደጅህ የተቀመጠን ሰው በባዶ አትመልሰውም። ያን ጊዜ ግን ፍየሏ እየጮኸች ሣሩ ለምን እንደሚደርቅ ነበር የሚያብሰለስለኝ። አባቴ ሲወጣ አያት። እሷም "ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሁለቱን አገር ወሰደብኝ። ይሄን አንተ ውሰድልኝ" አለችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ከእጇ ተቀበለ።

በማግስቱ ሼህ ቲጃኒ በምርኩዛቸው እየደበሱ መጡ። ሦስቱ ሞክሼዎች ኢድ ሳይሆን ተሰበሰቡ፤ ይሄ ራሱ አስፈራኝ። ብዙውን የተነጋገሩት በኦሮምኛ ቀስ ብለው ነው። ከመሃል የሼሁ ንግግር ብቻ ጥርት ብሎ ደረሰኝ፦ "በቃ፣ በረኛነቱ ይቅርበት። ኸይር ነው።" በረኛውም እሺ ሲል ሰማሁ። ድምፁ ውስጥ እንባ ነበረበት።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው አልኩ። አባቴ በዝና ስለተበለጠ ሼሁን ይዞ ሰውየውን ከሜዳ ሊያስወጣው ነው። አባቴን በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ አብልጬ እወደው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ፈራሁት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቴ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አክስቴ መድና ዘንድ እንድውል ላከችኝ። የማላውቀው ነገር ከቤት ሲያስወጣኝ ደስ አይለኝም፤ ከመንገድ ተመልሼ በጓሮ ገባሁና ባዶ ጆንያ የሚከመርበት ጓዳ ውስጥ ተሸጎጥኩ። ግድግዳው ላይ ጭቃው የፈረሰበት ቀዳዳ ነበር። አባቴ በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ያያል፤ ቡና እንዳሰጣ ነጋዴ። ለምን ዝናብ እንደሚጠብቅ አልገባኝም። ጎረቤት እንዳይሰማ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ዝናቡ መጣ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰው አጠገብህ ሆኖ ቢጣራ አትሰማም። በረኛው ሸሚዙን አውልቆ ሰሌን ላይ ተቀመጠ። ሼሁ ከኋላው ሆነው ትከሻውን ያዙት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አባቴ የበረኛውን ቀኝ ክንድ ሙቀጫው አፍ ላይ አስተኝቶ፣ በአውራ ጣቱ ከክርኑ በታች ወደ ላይ ወደ ታች ይፈልግ ጀመር። ስብራት ሲፈልግ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እዚያ ክንድ ላይ ግን ስብራት አልነበረም፤ ትናንት ኳስ ሲይዝ አይቼዋለሁ። በረኛው የተጠቀለለ ፎጣ አፉ ውስጥ ከተተ። አባቴ ሌላኛውን እጁን አነሳ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዝናቡ በላይ የሰው ጩኸት ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ዓይኔን ስገልጥ በረኛው ሼሁ ደረት ላይ ተዘርሯል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ቀርከሃውንና ጨርቁን እናቴ ነበረች የምታቀብለው። እሷም አለችበት ማለት ነው ብዬ ጆንያ ውስጥ አለቀስኩ።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴን ያየሁትን ነገርኳት። አፌን በመዳፏ ከድና ይዛኝ ቆየች። ከዚያ "አባትሽ ይጠግናል እንጂ አይሰብርም። በዪኝ" አለችኝ። አልኳት። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ዓይኔ ያየው ብስል ነበር፤ ልቤ የተረጎመው ጥሬ። እናቴ ደግሞ ብስሉን ጥሬ ነው እያለች ልታስጥለኝ ታገለች፤ ሌላ ምን ታድርግ።

በማግስቱ ጓድ ከፈለ መጣ። በረኛው እኛ ግቢ ጭቃ አዳልጦት ድንጋይ ላይ ወደቀ የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሶታል። አላመነም። እናት አገር በተጣራች ሳምንት ክንድ መሰበሩ፣ እሱም የቀኙ መሆኑ፣ ያውም የወጌሻ ደጅ ላይ መሆኑ እንዴት ያለ ዕድል ነው እያለ ግቢያችንን ዞረ። ድንጋዩን በጫማው መታ መታ አደረገው። አባቴን፣ "ይሄ ነገር ሻጥር ከሆነ ቅጣቱን ታውቀዋለህ" አለው። አባቴ አውቃለሁ አለ። ከዚያ ጓድ ከፈለ እኔ ፊት ቁጢጥ አለ፤ ቅባቱ አፍንጫዬን ሞላው።

"ለጢፋ፣ አንቺ የአብዮት ልጅ ነሽ። ልጅ አይዋሽም። ትናንት ምን አየሽ?"

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ሲደርቅ ተሰማኝ። አባቴ መሬቱን ነው የሚያየው። እኔ ስለ ውትድርና አላሰብኩም፤ ስለ አዴ ባህሪያም አላሰብኩም። ያሰብኩት አባቴ በቅናት ሰው እንደሰበረ ከታወቀ እንደሚያስሩት፣ ከታሰረም እንደማይመለስ ነው። ወንጀለኛ አባቴን ከወንጀሉ ማዳን ነበረብኝ። ዶሮ ሳባርር በረኛውን እንደገጨሁት፣ እሱም ድንጋዩ ላይ እንደወደቀ፣ አባቴ እንዳይገርፈኝ ለማንም እንዳልተናገርኩ ነገርኩት። ማልቀስ አልከበደኝም፤ እንባው ከትናንት ተርፎ ነበር።

ጓድ ከፈለ አንዴ እኔን አንዴ አባቴን አየ። ከዚያ ሳቀና ጆሮዬን ቆነጠጠኝ፤ የክፍለ ሀገሩን ምርጥ በረኛ ያሳጣሽን አንቺ ነሽ አለኝ። በረኛውን ግን ሆስፒታል ወስደው ራጅ አስነሱት። ራጁ አይዋሽም፤ ክንዱ ተሰብሯል። ተዉት።

በሳምንቱ ከእኛ መንገድ የተመለመሉትን ልጆች በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ድምፅ ማጉያው ይዘፍናል፣ እናቶች መኪናውን ተከትለው ይሮጣሉ። አዴ ባህሪያ ከቤቷ አልወጣችም፤ በሯ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ዋለ። ልጇን አትርፋ ልጆቻቸውን የሚሸኙ እናቶች ፊት መቆም አቅቷት ነበር። እኔ ግን ለልጇ ክንድ እያለቀሰች መሰለኝ።

የበረኛው ክንድ ከተፈታ በኋላ ታጥፎ ቀረ። ከክርኑ አልዘረጋ አለ። በሦስተኛው ዙር መልማዮቹ አንድ ጊዜ አይተው አሰናበቱት። ኳሱም በዚያው አበቃ፤ ለቡድኑ ሌላ በረኛ መጣ፣ ስሙን እንኳ አላስታውሰውም። ወሬውም ተነሳ። የበሬ እግር ሳይቀር ቀጥ አድርጎ የሚያስር ሰው የሞክሼውን ክንድ አጣሞ ሠራ? ያለ ነገር አይደለም፤ ምቀኝነት ነው፣ አንድ ስም ለሁለት አልበቃው ብሎ ነው ተባለ። እኔ ብቻዬን ያሰብኩትን ነገር ሄርማታ በሙሉ ሲያወራው ስሰማ ያልተሳሳትኩ መሆኔ ምንም ደስ አላለኝም። እንዲህ የሚሉ ልጆችን ትምህርት ቤት በጥፍሬም በጥርሴም ተጋጥሜያለሁ።

አባቴም ወጌሻነቱን ተወ። የተሰበረ ይዘው ሲመጡ እጄ ደክሟል፣ ሆስፒታል ውሰዱት ይላል። በረካው ተነሳበት አሉ። እሱም ያምን ነበር መሰለኝ። የቡ ቡና ማበጠሪያ ገብቶ ጆንያ ይሸከም ጀመር፤ ሲመለስ መዳፉን እያየ ይቀመጣል። ቤታችን ደኸየ። በረኛው ግን በኢድ ማግስት ከአባቴ ጋር ከአንድ ትሪ መብላቱን አላቋረጠም። ሼሁ ካረፉ በኋላም ሁለቱ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። የሰበረውን ሰው ይቅር ማለቱ ገረመኝ፤ ደግ ሰው ነው ብዬ አለፍኩት።

ደርግ ወደቀ፣ እኔም አግብቼ አጋሮ አስተማሪ ሆንኩ። አባቴ ያረፈው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጀናዛውን ሸኝተው የተመለሱ ቀን በረኛው ከወንዶቹ ተለይቶ እኔ ወዳለሁበት መጣ፤ ስልሳ ሊሞላው ነው፣ ፀጉሩ ነጥቷል። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሳልጠይቀው ጀመረ።

ራሱና እናቱ አባቴን ለምነው ክንዱን እንዳሰበሩት ነገረኝ። አባቴ በመጨረሻ እሺ ሲል ሰብሮ ቀጥ አድርጎ ሊጠግነው ነበር። እነሱ ግን የዳነ ክንድ ለሚቀጥለው ዙር ይፈለጋል፣ አጣመህ እሰረው አሉት። "ከመስበሩ ይልቅ ያ ነው የገደለው" አለኝ። "ጨርቁን ባጠበቀ ቁጥር እጁ ወደ ቀናው ይሄድበታል። እኔ ነኝ እየያዝኩ ወደ ጠማማው የምመልሰው።"

ታዲያ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ለምን አልተናገረም አልኩት፤ ሰው ሁሉ ምቀኛ ሲለው ኖሮ።

"ብዙ ጊዜ ልናገር ብዬው ነበር። 'ሞክሼ፣ ከዚህ መንገድ የሄዱት ልጆች እናቶች በየቀኑ በደጄ ያልፋሉ' ይለኛል። 'ለባህሪያ ልጅ የሰበርክ ለኛ ልጅ ምነው? ቢሉኝ ምን እላለሁ? ምቀኛ ቢሉኝ ይሻላል' አለ።"

ያን ቀን ጓዳ ውስጥ እንደነበርኩ፣ ጩኸቱን እንደሰማሁና እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። ምን ያህል እንዳመመው ልጠይቀው ስል ዞሮ አየኝ።

"እኔ እኮ ፎጣ ነክሼ ነበር" አለ። "የጮኸው አባትሽ ነው።"

እናቱን ሳልጠይቅ መሄድ አቃተኝ። አዴ ባህሪያ ዘጠና ዓመት ተጠግታለች፤ ቤቷ ወለል ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ራሷን አታበላም። በረኛው እጁን ታጥቦ ትሪውን ፊቷ አቀረበ። ቢስሚላህ ብሎ ጠቀለለና በቀኙ ዘረጋላት። ክንዱ እስከ ግማሽ ሄዶ ቆመ። የቀረውን እሷ ጎንበስ ብላ ደረሰችለት።